የውዴ ደም የሚያውቀው

ሰውየው የራሱን ተዝካር በላ። ሰቆጣ ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም፤ ሰምቶም ሳያማትብ የቀረ የለም።

በ1999 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ውዴ ከኮረም መጠለያ በሰፈራ መኪና ተጭኖ ለቀረው ልጇ ለደግሰው ተዝካር አወጣች። ደግሰው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከአባቱ ከሸጋው ጋር ሲጫን የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁም ወሬውም አልተሰማም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ውዴ ተዝካር የሚባል ነገር አታንሱብኝ ስትል ኖራለች፤ «መቃብሩን አሳዩኝና ጠላውን ልጥመቅ» እያለች ሽማግሌውንም ቄሱንም አሳፍራ ትመልስ ነበር። በመጨረሻ የነፍስ አባቷ አባ ቢምረው «የልጅሽ ነፍስ በር ላይ ቆማ በብርድ ትመታለች» ብለው አንጀቷን በሉት። ተሸነፈች። ገብሱን ቆላች፣ ጌሾውን ወቀጠች፣ ሁለት በግ አሳረደች።

ካህናቱ ከበሉ በኋላ ነዳያኑ የግቢውን የድንጋይ አጥር ተደግፈው ተደረደሩ። ከመካከላቸው የላስቲክ ጫማ ያጠለቀ፣ የመንገድ አቧራ የለበሰ ቀጭን ሰው ነበር። አራት ጉርሻ ያህል ከዋጠ በኋላ አጠገቡ ያለችውን አሮጊት «የማን ተዝካር ነው፣ እናቴ?» ብሎ ጠየቃት።

«የውዴ ልጅ ነው። ደግሰው ሸጋው የሚባል። በሰፈራ ጊዜ የቀረ» አለችው።

ሰውየው በአፉ የያዘውን አልዋጠውም፣ አልተፋውምም። እንጀራውን ጭኑ ላይ አደረገ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን «እኔ ነኝ» አለ።

ዘመናይ በዚያ ሰዓት ጠላ ትቀዳ ነበር። ዘመናይ ለውዴ የቀረች ብቸኛ ልጇ ናት፤ በዚያ ክፉ ዘመን የሁለት ዓመት ሕፃን የነበረች፣ አሁን ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ የሃያ አራት ዓመት ሴት። መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት ሳይሆን ንዴት ነው። ዓይን አውጣ፣ አለች በሆዷ። የሞተ ሰው ስም ከአሮጊት አፍ ለቅሞ እንደ ጋቢ የሚደርብ።

ውዴ እጇን እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። በሩ ላይ ቆማ ሰውየውን አየችውና በግራ መዳፏ ግራ ዓይኗን ሸፈነች። ይህ የቆየ አመሏ ነው፤ ነገር ሲከብዳት አንዱን ዓይኗን ትሸፍናለች፣ ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅ። ሰውየው በዚያው ቅጽበት አንገቱን ደፍቶ ነበርና አላያትም። ሳያያትም የገዛ ግራ መዳፉን አንሥቶ ግራ ዓይኑን ሸፈነ።

ይህን ያየች ዘመናይ ብቻ ናት። ጠላው ከዋንጫው ሞልቶ እግሯ ላይ ሲፈስስ አልታወቃትም።

ውዴ በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አለችው፤ ግባ ማለቷ ነው። ሰውየው ቃሉ አልገባውም፤ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ዘመናይም ትንፋሿ መለስ አለላት። የውዴ ልጅ ሆኖ ኽምጣኛ የማይሰማ የት አለ?

ከዚያ ቀን በኋላ ሰፈሩ ሌላ ሥራ አጣ። አንዷ ፀሐይ ላይ ጥላ እንዳለው ለማየት ዕንጨት የምትለቅም መስላ ሦስት ጊዜ በውዴ ደጃፍ አለፈች። ጥላ አለው ብላ ስትመለስ የሰማት ሁሉ ቅር አለው። የጎረቤት ውሻ ደግሞ መንገደኛ ባየ ቁጥር የሚንጨረጨር የነበረው፣ ይህን ሰው ሲያይ ጅራቱን ቀብሮ ዝም ይላል። ውሻው አርጅቷል ብሎ የተናገረ አንድም ሰው የለም። አባ ቢምረውና ሽማግሌዎቹ መከሩበትና ቆረጡ፤ ተዝካሩ የተበላ ሰው ማንነቱ እስኪለይ ድረስ ከቤት አይገባም፣ ከሕያዋን ጋር ከአንድ መሶብ አይቆርስም። አስመሳይ ሆኖ ከተገኘም ከአገር ይወጣል። እስከዚያው በግቢው ጥግ፣ ፍየሎቹ በሚያድሩበት ጎጆ ይቆይ። ውዴ ምንም ሳትናገር ቁርበት አነጠፈችለት፤ ምግቡን በራሷ እጅ ወስዳ ደፍ ላይ ታስቀምጥለታለች።

ሽማግሌዎቹ ሰብሰብ ብለው ሲጠይቁት ሰውየው አልሸሸም። አባቱ መተከል በገቡ በሁለተኛው ክረምት በወባ ሞተ። እሱን አንድ ገበሬ ወስዶ በሌላ ስም ጠርቶ አሳደገው። ቋንቋው ከአፉ ጠፋ። «ስሜን የሚጠራኝ ስላልነበረ፣ ሌት ሌት ለራሴ እጠራው ነበር» አለ። የሚያስታውሰውን አምጣ ሲሉት እንዲህ አለ።

«ሕፃን እህት ነበረችኝ። ጠብቃት ተብዬ ጨዋታ ይዞኝ ፍም ላይ ቆመች። ግራ ተረከዟ ተላጠ። አባቴ በአለንጋ ገረፈኝ። ተረከዟ ላይ የባቄላ ያህል ጠባሳ ቀርቷል።»

ዘመናይ ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀምጣ ግራ ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋን ገፈፈችና እግሯን ወደ ብርሃኑ አዞረች። ተረከዟ ሙልጭ ያለ ነው፤ ጠባሳ የለ፣ የጠባሳ ምልክት የለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሰውየው ተረከዟን እያየ ፊቱ ዐመድ ሆነ። ውዴ ብድግ ብላ ወጣች፤ ፍየሎቹን ላስገባ አለች፣ ገና ሰባት ሰዓት ሆኖ ሳለ። ዘመናይ ተስፋዋ ተቆርጦ ነው ብላ አዘነችላት፤ በሰውየውም ላይ ይበልጥ ቂም ያዘች።

ሽማግሌዎቹ ፍርዱን በቀጠሮ አሳደሩት፤ ያኔውኑ ተባርሮ ቢሄድ ነገሩ ባለቀ። ግን ያ መዳፍ፣ ያ የተሸፈነ ግራ ዓይን፣ ከዘመናይ ዓይን አልጠፋ አለ። እንቅልፍ የነሣትም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አይታለች፤ በሰው ላይ ሳይሆን በአይጦች ላይ።

ወደ ሰቆጣ ከመመለሷ በፊት አራት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የምርምር ቤት አይጥ ጠባቂና ደም መርማሪ ሆና ሠርታለች። አለቃዋ ዶክተር ገብረ ሊባኖስ የሚባሉ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ ነበሩ። ከነጭ አይጥ ጀርባ ላይ ከጥቁር አይጥ የተቆረጠ የጥፍር ያህል ቆዳ ይሰፋሉ። ቆዳው ሳምንት ከዚያም በላይ ይይዛል፤ ነጩ ጀርባ ላይ ጥቁር ቁራጭ ቁጭ ይላል። ከዚያ ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ እንደ ቅርፊት ይወድቃል። የነጯ ደም በእንግዳው ሥጋ ላይ ያለውን የዘር ማኅተም ለይቶ አንቲቦዲ አውጥቶበታል ማለት ነው፤ አንቲቦዲ ማለት እንግዳውን ሄዶ የሚይዝ የደም ዘበኛ ነው።

ዶክተሩን የያዛቸው ግን ዘበኛው ራሱ ነው። እንግዳውን በሚይዝበት ጫፉ ላይ የገዛ ራሱ ምልክት አለው። ያንን ምልክት ብቻ የሚያውቅ ሴረም፣ ማለት የጠራ የደም ውኃ፣ ከጥንቸል አዘጋጁና የነጮቹን አይጦች ደም አንድ በአንድ ፈተኑ። ያው ምልክት። ቀጣይዋ ሳጥን፤ ያው ምልክት። ከተለያየ እናት የተወለዱ፣ በተለያየ ግድግዳ ሥር ያደጉ፣ ተያይተውም ተሻሽተውም የማያውቁ አይጦች ለዚያ ጥቁር ሥጋ አንድ ዓይነት ምልክት ያለው መልስ ሰጡ። ቆዳ ጭራሽ ያልተሰፋባቸው፣ ከጥቁር አባት የተፀነሱ ልጆችን በሆዳቸው የተሸከሙ ነጭ እናቶችም ደማቸው ሲፈተን በብዙዎቹ ላይ ያው ምልክት ተገኘ።

«ማን ነገራቸው?» ብላ ጠይቃ ነበር ያኔ።

«ማንም። ይዘውት ነው የተወለዱት» አሏት ዶክተሩ። ስለ እናቶቹ ደግሞ የተናገሩትን አልረሳችውም። «ደም የማያውቀውን አይዋጋም፣ ዘመናይ። የሚዋጋው አንድ ጊዜ ያሳደረውን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ወደ አይጥ ቤቱ ስትገባ ሁሉም በየሳጥናቸው ሆነው በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ቀና የሚያደርጉ እየመሰላት ቆዳዋ ይሰቀጥጥ ነበር።

እና አሁን መፍትሔው እጇ ላይ መሆኑ ታያት። እናቷ ደም ተሰጥቷት አታውቅም፤ ደሟ የሚያውቀው ባዕድ ሥጋ ቢኖር በሆዷ የተሸከመችው ብቻ ነው። ሰውየው አስመሳይ ከሆነ የእናቷ ደም የሱን ሥጋ አያውቀውም፤ ዝም ይለዋል። ዝም ካለው ቢያንስ በዚያ መዳፍ መሸበሯን ትተዋለች። አዲስ አበባ ለቀድሞ ባልደረባዋ ለደሴ ደወለች። ደሴም ነጩን የደም ሴል የሚለየውን ፈሳሽ፣ የደሙን ዘበኛ ሴል ለመግደል የሚረዳውን የጥንቸል ሴረምና የሞተውን የሚለየውን ቀለም በክትባት ሳጥን በረዶ አድርጎ ወደ ሰቆጣ በሚመጣ መኪና ላከላት።

አባ ቢምረው ሲነገራቸው «ደም ይናገር፤ ደም አይዋሽም» ብለው ተስማሙ። ሰውየው ክንዱን ዘረጋላት። «ካልሆንኩም ንገሪኝ» አላት። «እኔም መጠራጠር ጀምሬያለሁ።»

ውዴ ግን ክንዷን ከመዘርጋቷ በፊት ልጇን ብዙ አየቻት።

«ይህ ደም ሁሉን ይናገራል?»

«የጠየቅሽውን ብቻ ነው የሚናገረው፣ እማ።»

«እንግዲያው የእኔንና የሱን ብቻ ግጠሚ። ያንቺን እዚያ ውስጥ አታስገቢ።»

ዘመናይ እሺ አለች። እሺ ያለችው ለእናት እምቢ ስለማይባል ነው። ዶክተር ገብረ ሊባኖስ ዘንድ አራት ዓመት ስትሠራ ግን አንድ ነገር አጥንቷ ድረስ ገብቷል፤ ማነጻጸሪያ የሌለው ሥራ ሥራ አይደለም። የማያውቁት ሰው ደም ከአንድ ወገን፣ የሚታወቅ ልጅ ደም ከሌላ ወገን ካልተቀመጠ መካከለኛው ምን እንደሚል በምን ይታወቃል? ስለዚህ ትእዛዙ ከሚባለው የጤና ጣቢያው ዘበኛ ደም ቀዳች። ከዚያ በሩን ዘግታ የገዛ ክንዷን አሰረች።

ሥራውን የሠራችው ቀትር ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ጤና ጣቢያው ጭር ይላል፤ አቧራ የሚያነሣው ነፋስ ብቻ የቆርቆሮውን ጠርዝ ያንኳኳል። ቀትር ላይ ብቻሽን አትቀመጪ ይሉ ነበር አሮጊቶቹ፣ ዘመናይም ትስቅባቸው ነበር። ደሞቹን በእጅ በሚዞረው ማሽን አዞረች፣ ነጩን ሴል ለየች፣ ከእናቷ ሴረም በየብልቃጡ ጠብ አደረገች። መሞቅ ነበረባቸው። ማሞቂያው ከተበላሸ ወር አልፎታልና ሦስቱን ብልቃጦች በጨርቅ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ይዛ ተቀመጠች። የጥንቸሉን ሴረም ጨምራ እንደገና አሞቀች። ከጎድን አጥንቷ ጋር ተጣብቀው ምን እየተደረገ እንዳለ ማሰብ አልፈለገችም።

የማይክሮስኮፑን መስተዋት ወደ መስኮቱ ፀሐይ አዞረችና አየች። ሕያው ሴል ቀለሙን አያስገባም፤ ክብ ሆኖ ያበራል። የሞተ ሰማያዊ ይሆናል።

የትእዛዙ ያበራሉ። አንድ ሁለት ሰማያዊ፣ ሌላው ሁሉ ደኅና። የውዴ ደም ትእዛዙን አያውቀውም።

የሰውየውን አስገባች። መስኩ ሞልቶ ሰማያዊ ነው። ብርጭቆውን አነቃነቀች፣ ሌላ ቦታ ፈለገች፣ ሁሉም ሰማያዊ፣ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው። የውዴ ደም ይህን ሰው አግኝቶ አንድ በአንድ ለቅሞ ገድሎታል። ዘመናይ ደንግጣ ቀና አለች። ሃያ ሁለት ዓመት ተለይቶ የኖረ፣ እናቷም ከሩቅ የምታየው ሰው። ደሟ አሳድሮታል። ሆዷ ውስጥ ኖሯል።

ወንድሜ ነው፣ አለች፤ አፏም ሲለው ሰማች። እንዲያ ስታንቋሽሸው የከረመችው ወንድሟ ነው።

የራሷን ያስገባችው ለወጉ ያህል ነው። ያበራሉ። ክብ ክብ ሆነው፣ ጤና ሆነው፣ እንደ ትእዛዙ ያበራሉ። አንድም የነካቸው የለም።

በማግሥቱ እንደ አዲስ ሠራችው፤ ውጤቱ አልተለወጠም። ቴሌ ሄዳ ዶክተር ገብረ ሊባኖስን በስልክ አግኝታ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«የሰውየው ነገር በቂ ነው ለማለት ይቻላል» አሏት። «ያንቺ ግን ምስክር አይሆንም። የእናት ደም የሁሉንም ልጅ ማኅተም አይዝም። ከአባታችሁ አንዳችሁ አንዱን ግማሽ፣ ሌላችሁ ሌላውን ወስዳችሁ ይሆናል። አይጦቹም ዘንድ ምንም ያልያዙ እናቶች ነበሩ፤ ታስታውሻለሽ።»

«አስታውሳለሁ፣ ዶክተር።»

«የራስሽን ለምን ጨመርሽው?»

«ማነጻጸሪያ ብዬ።»

«ደኅና ሠራተኛ ነበርሽ» አሏትና ስልኩን ዘጉት።

የሳቸውን ቃል ይዛ ወደ ቤት ስትሄድ ግማሹ መንገድ ድረስ ተጽናናች። ምስክር አይሆንም። ምስክር አይሆንም። የገበያው ቁልቁለት ላይ ስትደርስ ግን እግሯ በራሱ ጊዜ ቆመ። ሰውየው የእናቷ ልጅ ከሆነ አልዋሸም። ካልዋሸ ያቺ ሕፃን ፍም ላይ ቆማለች። ተረከዟም ጠባሳ ነበረው። ዘመናይ መንገድ መካከል ጎንበስ ብላ በካልሲዋ ላይ ግራ ተረከዟን ዳሰሰች። ሰው እሾህ የወጋት መስሎት አለፋት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በውዴ ግቢ ተቀመጡ። ሰውየው ከጎጆው ደጃፍ ቆሟል፤ ጠቅልሎ ያሰራት ትንሽ ጓዝ እግሩ ሥር ናት። አባ ቢምረው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጠየቁ።

«እንግዲህ ልጄ፣ የእናትሽ ደምና የዚህ ሰው ደም ተስማማ ወይስ ተጣላ?»

ዘመናይ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠላት። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚበቃው። እውነተኛ ቃል ነው፤ በቅዱስ መጽሐፍ ብትምል እንኳ አትረክስበትም። ተጣላ ካለች ሰውየው ጓዙን አንሥቶ ይሄዳል። ስለ ጠባሳ የሚያወራ አይኖርም። እሷም የውዴ ብቸኛ ልጅ ሆና ትኖራለች፣ እስከ ዛሬ እንደኖረችው። እናቷን አየች። ውዴ ግራ ዓይኗን ሸፍና መሬት መሬት ታያለች። ከግቢው ማዶም ሰውየው ግራ ዓይኑን ሸፍኗል።

«ተጣላ» አለች ዘመናይ።

ማጉረምረም ሆነ። አንዱ ሽማግሌ ዘንጉን ተመርኩዞ መነሣት ጀመረ። ሰውየው አልተከራከረም፤ ጎንበስ ብሎ ጓዙን ያዘ።

«ይቀመጡ አባቴ፣ አልጨረስኩም» አለች። «ደም የማያውቀውን አይጣላም። የትእዛዙን ደም አብሬ አስቀምጬ ነበር፤ አልነካውም፣ ባዕዱ ነው። ይህን ሰው ግን ሲያገኘው ተነሣበት። የሚነሣው በሆዷ ተሸክማው ስለነበረ ነው። ደሟ ዘጠኝ ወር አሳድሮት ማንነቱን ስለያዘ ነው። ደግሰው ነው። የእናቴ ልጅ ነው።»

«እናትና ልጅ ሲጣሉ አየሁ ማለትሽ ነው» አሉ አባ ቢምረው። «እሱስ ያለ ነው።» ፈገግ ያለ ሰው ነበር። ወዲያው ግን ያው ሽማግሌ ዘንጉን እንደያዘ «ያንቺንስ እንዲሁ ተጣላው?» ብሎ ጠየቀ።

«የእኔን አልሞከርኩም» አለች።

ውዴ እጇን ከዓይኗ አወረደች።

በዚያን ቀን ከሰዓት ውዴ ውኃ አሙቃ የደግሰውን እግር አጠበች፤ ከሩቅ መንገድ ለመጣ ሰው እንደሚደረገው፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ። እሱ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰፈርተኛውም አንድ በአንድ እየመጣ ከአንድ መሶብ ቆረሰ፤ ጥላውን ስትፈልግ የነበረችው ሴት ቀድማ። ሁሉም ከወጣ፣ ደግሰውም ደክሞት ከተኛ በኋላ ውዴ የቀረውን ውኃ ይዛ መጣች።

«ነይ» አለቻት ዘመናይን። «ጫማሽን አውልቂ።»

ቀኙን አጠበችው። ግራው ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷ ተረከዟ ላይ ቆመ፤ ያንኑ አንድ ቦታ ወዲያና ወዲህ አሻሸችው።

«ያንቺንም ደም አስገብተሽዋል፣ አይደል?»

«አስገብቼዋለሁ፣ እማ።»

«ምን አለ?»

«ዝም አለ።»

ውዴ ራሷን ነቀነቀች። እግሯን አልለቀቀችም። «ጠዋት ነው የሞተችው፣ የወለድኳት» አለች። «እነ ደግሰው በተጫኑ በአራተኛው ቀን። ከጎኔ አንዲት ሴት ነበረች፣ የየት አገር ሰው እንደሆነች አላውቅም፤ እሷም ያን ሌሊት አልፋለች። ልጅዋ ደረቷ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንቺ ነሽ። ስምሽን ብጠይቅሽ አትናገሪም። እህል የሚሰጡት በካርድ ነው፣ ካርዱ ላይ ዘመናይ ይላል። ዘመናይ አልኩሽ፤ ዞር አልሽ። በዚያው ይዤሽ ገባሁ። አገር ባዶ ነበር፣ የልጄን መልክ የሚያስታውስ አልቀረም።»

ዘመናይ ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው አልመጣ አለ። ይልቅ የሆነ ብርድ ከእግሯ ወደ ላይ ወጣ።

«አንቺን ባልወልድሽም ልጄ ነሽ፤ ይህን ደም አይነግረኝም» አለች ውዴ። «የሚያስፈራኝ እሷ ናት። በሕይወት ላለው ልጄ ተዝካር አወጣሁ። ለሞተችው ፍትሐት እንኳ የላትም። ስሟ ቤት ውስጥ እየዞረ፣ እየበላ፣ ትምህርት ቤት እየሄደ፣ እንዴት ብዬ ሞተች ልበል? አንዳንድ ቀን ዘመናይ ብዬ ስጣራ ሁለታችሁም አቤት ትሉኝ ነበር። አንቺ ከደጅ፣ እሷ ከጓዳ።»

ዘመናይ ከትንሽነቷ ጀምሮ እናቷ ስትጠራት ለምን ወደ ጓዳው ጭምር ታይ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት።

በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ እናትና ልጅ ጧፍና አንድ ሙልሙል ዳቦ ይዘው ወደ አባ ቢምረው ሄዱ። ውዴ ለሞተች ነፍስ ጸሎት እንዲደረግ ለመነች፤ የክርስትና ስሟንም ተናገረች። ወለተ ሐና።

አባ ቢምረው ቀና አሉ። «ይህ የዘመናይ ስም አይደለም?»

«የዘመናይ ነው፣ አባቴ» አለች ውዴ።

ቄሱ አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። ሰላሳ ዓመት የሰው ኃጢአት ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸውና አልጠየቁም። ጧፉን ተቀበሉና ገቡ።

ዘመናይ በዚያ ስም ቆርባለች፤ ቄስ ሲጠራው አንገቷን ዝቅ እያደረገች አድጋለች። ከእናቷ ጎን ከሴቶቹ መቆሚያ ቆማ ጠበቀች። የሙታኑ ስም አንድ በአንድ ሲጠራ ውዴ እጇን ፈልጋ ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ሲጠሩሽ አቤት እንዳትዪ» አለቻት በሹክሹክታ።

«ነፍሰ ወለተ ሐና» አሉ አባ ቢምረው።

ዘመናይ ከንፈሯን ነከሰች፣ አንገቷንም አልደፋችም። ከኋላዋ፣ ማንም ካልቆመበት ከግድግዳው ሥር፣ የሕፃን ድምፅ አቤት ሲል ሰማች። ዞራ አላየችም። እጇን የያዛት የውዴ እጅ ግን ቀስ ብሎ ላላ።